ቆላ ላይ የሚያጥር ኳስ

ከተማችን ኦሩሮ ውስጥ ካሲሚሮ ኮልኬን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው፣ ወይ ኳስ የሚጠላ ነው፤ ከሁለቱም ጋር ጉዳይ የለንም። አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ በቀኝ መስመር ሽው እያለ ለክለባችን ኳስ ሲያሻግር የኖረ ሰው ነው። አጭር ነው፣ ደረቱ በርሜል ያህላል፣ አፉም እንደ እግሩ ፈጣን ነው። «እኔ አሻግሬለት ያላገባ አጥቂ፣ ኳሱን ትቶ ድንች ይትከል» ይል ነበር። ደግሞም እውነቱን ነው፤ እሱ አሻግሮላቸው ያገቡትን ጎል ቁጠሩ ብትባሉ ይመሽባችኋል።

አንድ ጉድ ግን ነበረበት። በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ቆላ ያለችው የሳንታ ክሩዝ ከተማ አንድ ክለብ ለሙከራ ወሰደው። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ሜትር ላይ ነው፤ አየራችን ስስ ነው፣ ኳስ ነካ ካደረጓት ትበራለች። ቆላ ግን አየሩ ወፍራም ነው፣ ኳስ ይይዛል። ይህን ለካሲሚሮ ማን ይንገረው? እንዳገሩ መታት፤ መንገድ ላይ ደከማትና የመጀመሪያው ተከላካይ እግር ሥር ወደቀች። ደገመ፣ ያው ነው። ሦስት ወር ሙሉ ያው ነው። «አንተ ደገኛ፣ ለኳሷ ስንቅ ቋጥርላት እንጂ!» እያለ ሰዉ ሲስቅበት ከረመ። በመጨረሻ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጠው ሸኙት፤ ቅስሙ ተሰብሮ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ቆላ በወረድን ቁጥር አንድም ጎል የሚሆን ኳስ አሻግሮ አያውቅም። ሲጠየቅ ሰበብ አያጣም፤ ሣሩ ረዝሞ ነው፣ ሙቀቱ ነው፣ የሆቴሉ ዓሣ ሆዴን ረብሾኝ ነው። እኛም ስለምንወደው አብረነው ሙቀቱን እንረግም ነበር።

ካሲሚሮ ሠላሳ ስድስት ዓመት በሞላው ጊዜ ግን ኦስማር የሚባል አርጀንቲናዊ አሰልጣኝ መጣ። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ካሲሚሮን ቢሮው ጠራው።

«አከብርሃለሁ፤ ግን ግማሽ ተጫዋች ነህ» አለው። «ደጋ ላይ ንጉሥ ነህ፣ ቆላ ላይ ግን የለህም። በዚህ ዕድሜ ለግማሽ ተጫዋች ውል አላድስም።»

«ሙቀቱ እኮ ነው፣ ኮች…»

«ሙቀቱ አይደለም፣ እግርህ ነው።»

ካሲሚሮ ደሙ ፈላ። «የመጨረሻው ጨዋታ ሳንታ ክሩዝ ነው አይደል? እዚያ ያሻገርኳት ኳስ ጎል ከሆነችስ?»

ኦስማር ሳቀ። «ከሆነች፣ የአንድ ዓመት ውል ትፈርማለህ። ካልሆነች፣ በዚያው ቻው።»

ካሲሚሮ እያጉረመረመ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ናርሲሳ ገበያ ላይ ላማ የምንለውን የደጋ እንስሳ ቋንጣ ትሸጣለች፤ ያን ቀን ለነገ ጥብስ እንዲለሰልስ ጠዋት የነከረችውን ከበርሜል ውሃ ውስጥ እያወጣች ነበር። ካሲሚሮ ሊያግዛት አንዱን አነሳ። ጠዋት ብን የሚል የነበረው ቋንጣ ውሃ ጠጥቶ ከብዶ እጁን ወደ ታች ጎተተው። እዚያው ቆሞ ቀረ። ከዚያ ሮጦ አልጋው ሥር ገባና፣ ነፍሱን ይማረውና አባቱ ለማዕድን ሠራተኞች ቡድን ሲጫወት የነበረባትን አሮጌ የቆዳ ኳስ አውጥቶ በርሜሉ ውስጥ ደፈቃት።

«አንተ ሰውዬ! ቋንጣዬ ላይ? አበድክ?»

«ትክበድልኝ ብዬ ነው። ከባድ ኳስ የለመደ እግር ቆላ ላይ አያጥርበትም።»

«አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሙቀቱ ነው ስትለኝ ኖረህ፣ ዛሬ እግሬ ነው ልትለኝ ነው?»

«ተይኝ እስቲ፣ ናርሲሳዬ። ካሁን በኋላ ሰበብ አልደረድርም» አላት። ይህቺን ማለት ለካሲሚሮ ጥርስ ከመነቀል አትተናነስም።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው የበርሜሉን በረዶ ሰብሮ፣ የተነከረችውን ኳስ ታቅፎ ወደ ሜዳ ይወርዳል። የመጀመሪያው ሳምንት አታምጡት ነው። ኳሷ እንደ ድንጋይ ነበረች፤ የእግሩ ጣቶች ጠቆሩ። ረጅሙ አጥቂያችን ፍሮይላን ሊያግዘው መጣ፤ በእጁ ይቀበልለታል እንጂ ጭንቅላቱን አያስጠጋም።

«በቴስታ ምታት እንጂ፣ ፈሪ!»

«ይቺን በቴስታ ከመታሁማ የናቴንም ስም እረሳለሁ!»

ካሲሚሮ ግን ጥርሱን ነክሶ ቀጠለ። በስድስተኛው ሳምንት ኳሷ ፍሮይላን ደረት ላይ እየደረሰች ልጁን በጀርባው ትዘርረው ጀመር። ቡድኑ ወደ ሳንታ ክሩዝ ሊሄድ ሲል ናርሲሳ እንደ ልማዳችን ለእናት ምድር መሬቱ ላይ ቢራ አፈሰሰች፤ የካሲሚሮን የቀኝ ጫማም አጠጣችው። «እናት ምድር ትርዳህ» አለች፤ «እኔ ግን በርሜሌን አልረሳልህም።»

ሳንታ ክሩዝ ላይ ካሲሚሮ እንደ ቆላ ልማዱ የተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ባዶ ለባዶ እንደሆኑ ሰባ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ኦስማር በጣቱ ጠቀሰው። ሲገባ ሰዉ በሳቅ ተቀበለው። የመጀመሪያዋን ኳስ አገኘ፣ ተከላካዩን አለፈ፣ መታት። ኳሷ ከተከላካዮቹም ከፍሮይላንም በላይ አልፋ ማዶ ያለው ተመልካች መሃል ገባች። ስታዲየሙ በፉጨት ተናወጠ። ኦስማር ራሱን ያዘ።

ካሲሚሮ ግን መስመሩ ላይ ቆሞ ሳቀ፤ ደስታው ሊገድለው ደረሰ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆላ ላይ ያሻገራት ኳስ ረዘመች! «ፍሮይላን!» ብሎ ጮኸ። «እንዳትነቃነቅ! የሚቀጥለው ያንተ ነው!»

ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ኳሷ ተመለሰችለት። ወደ ውስጥ የሚገባ መስሎ በውጭ በኩል ሾለከና ቅንጣት ታህል ቀነስ አድርጎ መታት። በአንደኛው ተከላካይ አናት ላይ አለፈች፣ በሁለተኛው ላይ አለፈች። ፍሮይላን አልተነቃነቀም ነበር፤ ዘለለና በቴስታ ደረገማት። ጎል! ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። ኦሩሮ ገበያ ውስጥ ግን ናርሲሳ ሬዲዮኑን አቅፋ ቋንጣዋ ላይ እንባዋን ታዘንብ ነበር፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ።

ጨዋታው ሲያልቅ የኦሩሮው ሬዲዮ ጋዜጠኛ ማይኩን ይዞ ሮጠ፤ የውሉን ነገር አልሰማም። «ካሲሚሮ! እንዲህ ያለ የመጨረሻ ጨዋታ ለማን ይሰጣል? ኳስን በክብር መሰናበት ማለት ይሄ ነው! ለመሆኑ ምን ተሰማህ?»

ካሲሚሮ የሰደበው ያህል ዞሮ አየው።

«የምን መሰናበት ነው የምታወራው? ገና ዛሬ እኮ ነው ማሻገር የቻልኩት! ኮች! ኮች የት ሄደ? እስክሪብቶ አምጡልኝ!»