ለቅሶ ነው ያልኩ ቀን

አስተማሪ ሳይኖረኝ ፊደል ለይቼ መጽሐፍ ቅዱስን ሦስት ጊዜ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ በአዳማ ስለ ቅድስና የቸገረው ሁሉ እኔን ይጠይቃል። ትናንት ግን ለቅሶ ቤት የትኩስ ንፍሮ ሽታ ሲመታኝ ግራ ገባኝ።

በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር በሽማግሌያችን በጋሽ ቶሎሳ ሳሎን ተደብቀን እንሰበሰብ ነበር። አንድ ቀን «ቅዱስ አምላክ ፊት ውሸት አይቆምም» እያሉ ሲያስተምሩን የቀበሌው አብዮት ጠባቂ በሩን ከፍቶ ገባ።

«የምን ስብሰባ ነው?»

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ብሆንም ሁሉንም ቀደምኩ። «ለቅሶ ነው። ሁሩታ ከተማ ያሉት የጋሼ እናት አረፉ።»

ሰውየው ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ። ጎረቤትም ሰምቶ ንፍሮ ይዞ መጣ። ጋሽ ቶሎሳ እናታቸው በሕይወት እያሉ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ሁሉም ሲሄድ፣ «ጋሼ፣ ኃጢአት ሠራሁ?» አልኳቸው።

«አንተ እናቴን ገድለህ ከእስር አተረፍከን። እኔ ደግሞ አለቀስኩልህ። ምን ልበልህ ልጄ?»

ከዚያ ወዲህ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ሰብኬአለሁ፣ ሁለት ጸሎት ቤት በእጄ ሠርቻለሁ፣ ስንቱን ሰካራም ንስሐ አስገብቻለሁ። ለዚያች ውሸት ግን ንስሐ ልግባ ወይስ ላመስግን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።