ያለ ልቅሶ የተከፈተ ሙሾ

ቤቴ ውስጥ ሦስት ዴክ አለኝ። ሁለቱ አይረቡም። ሦስተኛውን ሰው እንዲነካብኝ ስለማልፈልግ ባለቤቴ «ታቦቱ» ትለዋለች። ስለዚህ ዴክ እያወራሁ ስንቱን ሰው እንዳሰለቸሁ እኔው አውቃለሁ። ዛሬ የማነሳው ግን ለጉራ አይደለም፤ ያፈርሁበትን ነገር ለመናገር ከእሱ መጀመር ግድ ስለሆነብኝ ነው።

ሥራዬ ጎንደር ፒያሳ ላይ ስፒከርና ማጉያ መሸጥና መጠገን ነው። ቤቴ ከአዘዞ አለፍ ብሎ ፀዳ የሚባለው ሰፈር ነው። ሌላው ሰው ከሥራ ሲመለስ ኳስ ያያል፣ እኔ ድምፅ ስፈትሽ አመሻለሁ። ከፍተኛ ጥራት ያላቸው የሙዚቃ ዲስኮች መኖራቸውን ካወቅሁ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ለየልኝ። እነዚህ ዲስኮች ሲያዩዋቸው ተራ ሲዲ ይመስላሉ፤ ብዙዎቹ ግን ሁለት ንብርብር አላቸው። አንዱን ንብርብር ማንኛውም ዴክ ያነበዋል። ጥራት ያለው ድምፅ የሚቀመጥበት ሁለተኛው ግን የተቆለፈ ነው፤ ላፕቶፕ ውስጥ ቢከቱት ላፕቶፑ መኖሩንም አያውቅም። ለመጠባበቂያ ቅጂ ማስቀረት አይቻልም ይባል ነበር። ኋላ ላይ ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች አንድ ዘዴ አገኙለት። አንዳንድ ብሉሬይ የሚባል የድሮ የፊልም ዴክ በፍላሽ ትንሽ ፕሮግራም ሰክተውበት ከላፕቶፕ ጋር በኔትወርክ ገመድ ቢያገናኙት፣ የተቆለፈውን ራሱ እያነበበ ለላፕቶፑ ያቀብላል። ሁሉም ዴክ ግን እሺ አይልም፤ ሞዴሉ መግጠም አለበት።

ሁለቱን የማይረቡትን የገዛሁት ተቻኩዬ ሞዴላቸውን በደንብ ሳላነብ ነው። ሦስተኛውን ከቤሩት የተመለሰች ሴት ሪሞቱ ጠፍቶባት ለጥገና አመጣችውና ከኋላው ያለውን ቁጥር ሳነብ ስፈልገው የኖርሁት ሞዴል ሆኖ አገኘሁት። በሌላ አዲስ ዴክ ለወጥሁላት፤ እሷ እንደ ሞኝ አየችኝ። ቤት ወስጄ ፍላሹን ሰክቼ ሳበራው የዲስኩ መሳቢያ ማንም ሳይነካው በራሱ ወጣ። ፕሮግራሙ መያዙ የሚታወቀው በዚህ ነው። ብቻዬን ቁጭ ብዬ አጨበጨብሁ። ጎንደር ውስጥ ይህን የሚችል ከእኔ በቀር የለም ብዬ አሰብሁ። ማሰቡ ላይ ብቀር ደግ ነበር፤ ለሰዉ ሁሉ ተናገርሁ።

ወሬው ጎረቤቴ ዘንድ ደረሰ። ጎረቤቴ የጃናሞራ ሰው ናት፣ መካነ ብርሃን ተወልዳ ያደገች። ፀዳ ላይ ልብስ ትሰፋለች፤ እድራችንም አንድ ነው። በዕድሜ ስለምበልጣት «አያ» ነው የምትለኝ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ዲስክ ይዛ መጣችና «የእናቴ ድምፅ ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ፈረንጅ የአገሩን ዘፈን ሊቀዳ መንደራቸው ሰንብቶ ነበር። በዚያው ሰሞን ወንድሟ ታሞ ሞተ፤ ሳያገባ፣ ልጅ ሳይተካ። እናቲቱ በአገሩ የታወቁ አልቃሽ ናቸው፤ ለስንቱ ሰው ሙሾ አውርደዋል። ለልጃቸው ሲያወርዱ ፈረንጁ አፍሮ መሣሪያውን ሊያነሳ ሲል «ተወው፣ ይያዝልኝ፤ ለልጄ ሌላ የሚቀርለት የለም» ያሉት እሳቸው ናቸው አሉ። ሰውየውም አገሩ ገብቶ በዚያ በምወደው ዓይነት ዲስክ አሳትሞ ላከላቸው። በተራ ዴክ ሲከፍቱት ግን የሠርግና የአጨዳ ዘፈን ብቻ ይወጣል። ሙሾው ረዥም ስለሆነ ተራው ንብርብር አልበቃውም፤ በተቆለፈው ንብርብር ላይ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ እናትየው የልጃቸውን ሙሾ እስከዚያ ቀን አልሰሙትም ነበር። አሁን ደግሞ የዲስኩን ጠርዝ እንደ ሻጋታ ያለ ነገር ጀምሮታል።

«ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓይኗን ልትታከም ትመጣለች» አለችኝ። «እስከዚያ ገልብጠህ በፍላሽ አድርግልኝ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ አያ። ሙሾ ያለ ልቅሶ አይከፈትም። የሌላ ሰው ሞት ይጠራል ብላ እናቴ ትፈራለች። ሌላ ጆሮ እንዳይሰማው።»

«ምነው፣ እኔን አታውቂኝም?» አልኋት። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ።

ግልበጣውን በማግሥቱ ጀመርሁ። ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ጠርዝ ጠረግሁት፣ ፍላሹን ሰካሁ፣ መሳቢያው ወጣ፣ ዲስኩን አስቀመጥሁ፣ ገመዱን አገናኘሁ። ግማሽ ሲደርስ መብራት ጠፋ። እንደገና ጀመርሁ። ሁለተኛው ጊዜ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ዴኩ እያንገራገረ ቆመ። የዲስኩን ጠርዝ በጥቂት ውሃ አርጥቤ አበስሁና አድርቄ መለስሁት። ሦስተኛው ሞላ። አንድ ትልቅ ፋይል ነው የሚወጣው፤ እሱን በየዘፈኑ ከፋፈልሁና ሙሾውን ለብቻው አወጣሁ። ከዚያ በትክክል መገልበጡን ማረጋገጥ አለብኝ ብዬ የጆሮ ማዳመጫዬን አጠለቅሁ። ይህን ያህል እንኳ ያስኬዳል፤ ሥራው ነው።

የማፍረው ግን ከዚህ ይጀምራል። አንዲት እናት ልጇን እያለቀሰች ነው፣ እኔ የምሰማው ጥራቱን ነበር። ከቃል በፊት የምትስበው ትንፋሽ ይሰማል። ከኋላ የሰዎች እግር ደረቅ መሬት ሲረግጥ፣ አንዲት ዶሮ ስታስካካ፣ ነጠላ ሲወዛወዝ ሁሉ ይሰማል። «እንዲህ ነው እንጂ ድምፅ» እያልሁ ራሴን ነቀነቅሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ማን እንደሞተ አላሰብሁም። አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኼ ነው፤ የኋላው ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው።

በሦስተኛው ቀን ፋይሉን ሱቅ ወሰድሁት። መጀመሪያ ለጎረቤት ባለሱቅ ወዳጄ ብቻ አሰማሁት። አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ አንድ ደንበኛ ስፒከር ሊገዛ መጥቶ «ይኼ ከዚያኛው በምን ይለያል?» ሲለኝ ከመቶ ቃል አንድ ሙሾ ይሻላል ብዬ ከፈትሁለት። በሳምንቱ ስፒከር የማስሞክረው በሙሾዋ ብቻ ሆነ። በሩ ክፍት ነው፤ መንገደኛው ቆም ይልና «ማን ሞተ?» ይላል። እኔም እየሳቅሁ «ማንም አልሞተም፣ ጥራት ነው» እላለሁ። ለሦስት ሰው ገለበጥሁላቸው፤ ለባለሱቁ ወዳጄ፣ የሠርግ ማጉያ ለሚያከራይ ሰውና በየቀኑ ፀዳ ለሚያመላልሰኝ ባለ ባጃጅ። አንዳቸውንም ሳንቲም አልጠየቅሁም። ይህን እንደ ጽድቅ ቆጥሬው ነበር።

በቀጠሮው ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የሠርግ ማጉያ የሚያከራየው ሰው ከባልደረባው ጋር መጥቶ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች እየመረጠ ነበር። ሙሾውን ከፍ አድርጌ ከፈትሁት። ባልደረባው «ቤዙ ሸጋ ነው» አለ። ያን ጊዜ አንዲት ሽማግሌ ሴት አንድ ዓይናቸው በፋሻ ታስሮ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። የለቅሶ ድምፅ ሰምቶ ዝም ብሎ ማለፍ በእሳቸው አገር ነውር ነው። ልጃቸው ከኋላ ባጃጅ እየከፈለች ነበርና ገና አልደረሰችም።

«እግዜር ያጥናችሁ» አሉ ሴትዮዋ። «ማን ነው የሞተባችሁ?»

ማን እንደሆኑ ገና አላወቅሁም። «እናቴ፣ ሰው አልሞተብንም፤ ይቀመጡ» አልሁ። ይህን ስል ከስፒከሩ እንዲህ የሚለው ወጣ፦

ለጎረቤት ጥሪ አቤት ባይ ነበረ፣
የናቱን ሳይሰማ ጆሮው ተቀበረ።

እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ፊታቸውን ወደ ስፒከሩ አዞሩ፤ ጥሩው ዓይናቸውም በቅጡ አያይም ነበር መሰለኝ፣ ግድግዳው ላይ ነው ያረፈው። «ይኼ እኮ የእኔ ልጅ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ያኔ፣ እናቷን ከሐኪም ቤት ይዛ ፍላሹን ልትወስድ የመጣችው ጎረቤቴ በሩ ላይ ደረሰች። እኔን አየችኝ፣ ስፒከሩን አየች፣ ደንበኞቹን አየች። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ እናትየው «ተወው» አሉኝ። «ሙሾ መሀል ላይ አይቆረጥም።»

ሙሾው ገና ሩቡ ነበር። ቆመን ሰማነው። ሁለቱ የሠርግ ሰዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። እናትየው አላለቀሱም፤ ከድምፃቸው ጋር ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፣ አንድ ቃል ሳይስቱ። እኔ በዚያ ሱቅ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቻለሁ፣ መግቢያ እንጂ መደበቂያ እንደሌለው ያን ቀን አወቅሁ። ሲያልቅ «ድምፄ ያኔ ሸጋ ነበር» አሉ። ከዚያ «አንተ ነህ የገለበጥኸው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ። አጥፍቻለሁ።»

«ልጄ ሜዳ ላይ ወድቆ አገኘሁት» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያው ያዩትን ነው የነገሩኝ። «አሁን ሰብስበህ ስጠኝ። ሌላም ጋ አለ?»

የሠርግ ማጉያ አከራዩ እዚያው ቆሟል፤ ሙሾው ኪሱ ውስጥ ባለው ስልክ ላይ አለ። አየኝ። እኔም አየሁት። «የለም» አልሁ።

ዲስኩንና ፍላሹን ሰጠኋቸው። ከላፕቶፑም እፊታቸው አጠፋሁ፤ ማየት ባይችሉም ልጃቸው እያየች ነው። ሁሉንም በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና «ቤትህን ልቅሶ አያግባብህ» ብለው መረቁኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ሦስቱንም ተከታተልሁ። ባለሱቁ ወዳጄ ወዲያው አጠፋ። የሠርጉ ሰው አጠፋና «ግን ዛሪማ ላለ ዘመዴ ልኬለታለሁ» አለኝ። ባለ ባጃጁም እፊቴ አጠፋ፤ ፌርማታው ላይ ላሉት ጓደኞቹ ግን ቀድሞ አካፍሏቸዋል። እነሱን ስጠይቅ አንዱ ለሌላው ሰጥቶታል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ከዚያ በኋላ ባጃጅ ስሳፈር ሬዲዮው ሲከፈት ጆሮዬን አቁሜ እሰማ ጀመር።

ጎረቤቴ በሱቁ ነገር ብዙ አልወቀሰችኝም። ሳምንት ያህል ዘጋችኝ፣ ከዚያ ሰላምታ ጀመረች። «ይሁን፣ ሁሉንም መልሰሃል» አለችኝ አንድ ቀን። እናቷ አገራቸው ከገቡ ወዲህ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው፣ ፍላሹን በሳጥን ቆልፈው ለተዝካሩ ቀን ብቻ እንደሚያወጡት ነገረችኝ። ያን ቀን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ስለ ጤፍ ዋጋ አወራሁ።

በዐቢይ ጾም መጨረሻ ላይ ከአዘዞ ወደ ፀዳ አንድ ባጃጅ ውስጥ ተገናኘን። እሷ ክርና ዚፕ ገዝታ ነበር። ሾፌሩ የማላውቀው ሰው ነው። አንድ እስክስታ የሚያስመታ ዘፈን አለቀና ትንፋሽ ተሰማ፤ ከቃል በፊት የምትሳበው ያቺ ትንፋሽ። ገና ድምፅ ሳይወጣ አወቅኋት። ጎረቤቴም አወቀቻት፤ የገዛ እናቷ ናት። ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞር ብሎ «ይቺን ስሙልኝ፣ ሙሾ እንዲህ ነው» አለን።

ፀዳ እስክንደርስ ሙሾው አላለቀም። ስንወርድ ነው የጠየቀችኝ።

«ያን ቀን እናቴ ‹ሌላም ጋ አለ?› ስትልህ ‹የለም› ያልኸው እያወቅህ ነበር?»

«እያወቅሁ ነበር» አልሁ።

«እናቴ ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ ወንድሜን ካነሳች በኋላ አንተን ነው የምታነሳው። ‹ልጄን ሰብስቦ የመለሰልኝ› ነው የምትልህ። ለፋሲካ እሄዳለሁ። ምን ልበላት?»

እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ ማለት ነበረብኝ። መንገዱ ሰላም አይደለም፣ ሱቁን ማን ይከፍታል፣ እያልሁ በልቤ ምክንያት ደረደርሁ። በአፌ ያልሁት «ምንም አትበያት» ነው።

ለፋሲካ ሄደች። መንገዱ ለእሷ ሰላም ነበር። በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት በሬን አንኳኳችና በቅል የተሞላ ቅቤ አቀበለችኝ። «እናቴ የላከችልህ ነው» አለች። ዓይኔን አላየችኝም። «ምንም አላልኋትም።»

ቅሉን ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልሁ።