ጓሮዬ ውስጥ የተቀበረው ገንቦ

ኤልሳ ትናፍቀኛለች። አምና ከጣልያን መጥታ ጥንታዊ ዕቃ የምትቆፍር ተማሪ ነበረች፤ ቁሓ ከተማ እኔ ቤት ተከራየች። አንድ እሁድ ቃሪያ ልትተክልልኝ ጓሮውን ስትቆፍር የገንቦ ስባሪ አገኘች። ዶማውን ጥላ ብሩሿን አመጣችና አፈሩን እንደ ሕፃን ታባብለው ጀመር።

«አደይ፣» አለችኝ፤ እንደ እናቷ ነው የምትጠራኝ፤ «አትንኩት። የንግሥት ዕቃ ይሆናል።»

ንግሥቲቱ እኔ ነኝ። ሙሽራ ሳለሁ የአማቴን፣ የባሌን እናት፣ የጠላ ገንቦ ሰብሬ እዚሁ ቀበርኩና «ሌባ ወሰደው» ብዬ ማልኩ። አማቴ እስኪሞቱ ያንን ሌባ ሲረግሙ ኖሩ። የባሌ እህት ለተኽይ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብላለች።

«ኤልሳዬ፣ ተይው፣ ምሳ ቀርቧል» ብላት ማን ሰምቶኝ። ከኔ ስባሪ ሥር ሌላ የተሰበረ ገንቦ አወጣች።

ለተኽይ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይሄማ የአያቴ ገንቦ ነው» አለች። «እናቴ ሌባ ወሰደው ብላን ነበር።»