አዲሱ ፕሌይስቴሽንና የእትዬ ሙሉ ቴሌቪዥን

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጆች ሳሎኔ ውስጥ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። አንደኛው በግራፊክስ ፕሌይስቴሽን ፋይቭን የሚደርስበት የለም ይላል፤ ሌላኛው ኤክስቦክስ በጉልበት ይበልጠዋል ባይ ነው። ሁለቱም ማሽኖቹን ያዩት በስልክ ነው። "ይኼን ክርክር ገና ሳትወለዱ ደብረ ብርሃን ላይ የጨረስኩት እኔ ነኝ" ስላቸው ሳቁብኝ።

አስራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ጠባብ ጌም ቤት ነበረው። ሁለት ፕሌይስቴሽን ቱ፣ ሁለት ወፍራም ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፤ በቃ ይኸው ነው። ሴት ልጅ እዚያ መቀመጧን አባታችን ባይወድም እኔ ሰበብ አላጣም ነበር።

በጥር፣ ውርጩ ጆሮ በሚቆርጥበት ሰሞን፣ ጌታቸው ያደለባቸውን ሁለት ሙክቶች ሸጦ ከአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ስሪ ይዞ መጣ። ሰፈሩ ተሰበሰበ፤ ማሽኑ ተሰካ፤ የኳስ ጌሙ ተጀመረ። ታሪኩ የሚባል የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ከደንበኞቹ ሁሉ አንደኛ ተጫዋች። ትንሽ አየና "ጌትሽ፣ ይኼ እኮ ያው ቱ ነው! ቆዳውን ቀይረው ሸጡልህ" አለ።

እውነትም ልዩነቱ አይታይም። የተጫዋቾቹ ፊት ያው የተላጠ ድንች ነው። አባቴ ሰምቶ "በሁለት ሙክት ጥቁር ሳጥን ገዛ" አለ። ጌታቸው እህል መቅመስ አቃተው። ሰኞ ወስዶ በሁለት አሮጌ ቱ ሊቀይረው ቆረጠ።

እኔ ካርቶኑ ውስጥ የተረሳውን መመሪያ አንስቼ፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ሁለት ቀን አነበብኩት። ነገሩ ገባኝ። ማሽኑ አቅም አላጣም። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ገመድ ያን ሁሉ ምስል አያሳልፍም፤ ቢያሳልፍም ወፍራሙ ቴሌቪዥን ማሳየት አይችልም። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥንና ኤችዲኤምአይ የሚባል ገመድ ያስፈልጋል። በሰፈራችን ሁለቱም ያሉት ሰው ኳስ በሚያይበት በእትዬ ሙሉ ሻይ ቤት ብቻ ነበር።

እሁድ ከሰዓት ማሽኑን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ጌታቸውን አስከትዬ ሄድኩ። በዲኮደር የሚተላለፈው ጨዋታ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል፤ ቤቱ ጢም ብሏል፤ ታሪኩም አለ።

"እትዬ ሙሉ፣ የዲኮደሩን ገመድ ለአሥር ደቂቃ ያውሱኝ።"

"ይኼ ሁሉ ሰው ቢነሳብኝስ?" አሉና ፊቴን አዩት። "በይ እሺ፣ አሥር ደቂቃ። ጨዋታው ካለፈ ግን አንቺን ነው የማስበላሽ።"

ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። ስክሪኑ ጨለመ፤ ጨልሞም ቀረ። ከኋላ "ዲኮደሩን መልሺ!" የሚል ጩኸት ተነሳ። ጌታቸው ክንዴን ይዞ "ተይው በቃ፣ እንሂድ" አለኝ። እኔ ግን ያነበብኩት ትዝ አለኝ፤ ማሽኑ አሁንም ምስሉን በድሮው ገመድ በኩል እየላከ ነው፤ መላው ሁለተኛ ጲጵ እስኪል ማብሪያውን ተጭኖ መቆየት ነው። አጠፋሁት። ማብሪያውን ተጫንኩና ጣቴን ሳላነሳ ቆየሁ። ጲጵ አለ። ዘገየ፣ ዘገየና ሁለተኛ ጲጵ አለ፤ ስክሪኑም ወገግ አለ።

ሜዳው መጣ። ሣሩ አንድ በአንድ ይለያል፤ የማሊያው እጥፋት፣ የግንባራቸው ላብ ሳይቀር ይታያል። ታሪኩ ተነስቶ ስክሪኑ ድረስ ተጠጋና "ጌትሽ፣ ይቅርታ" አለ።

"ለኔ አይደለም፤ ለሷ በላት" አለው ወንድሜ።

ታሪኩ ወደ እኔ ዞሮ አንገቱን ዝቅ አደረገ። እትዬ ሙሉ አሥሩን ደቂቃ ረስተውት ነበር። ኳስ በሌለባቸው ቀናት ማሽኑ እሳቸው ዘንድ እንዲሠራ ከጌታቸው ጋር ተስማሙ፤ ክረምት ሳይገባም ወንድሜ የራሱን ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ገዛ። አባቴ ለእኔ ምንም ሳይል ለዘመድ ሁሉ "ልጄ እንግሊዝኛ አንብባ የሞተ ማሽን አስነሳች" እያለ ያወራ ጀመር። ማሽኑ አልሞተም ነበር፤ ግን አላረምኩትም።

ዛሬ ኮሌጅ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሴት ተማሪዎቼ ወንዶቹ ቀድመው እስኪነኩት ቆመው ሲጠብቁ ሳይ "አንቺ ክፈቺው" እላለሁ። ሲያመነቱ አላጣድፋቸውም። ይኼን ስል ድምፄ ላይ ኩራት እንዳለ አውቃለሁ፤ ማንም ስላልሰጠኝ፣ ራሴ አንብቤ ያገኘሁት ስለሆነ፣ አልደብቀውም።