ከጎረቤቴ ፍሪጅ ያወጣሁት ቅቤ

ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው ግቢያችን ለአሥራ አንድ ዓመት የነበረው አንድ ፍሪጅ ነው፤ እሱም የጎረቤቴ። የታችኛው መደርደሪያ የኔ ነበር። ቅቤዬ በጣሳ፣ አዋዜዬ፣ በዓል ሲሆን ደግሞ ሥጋዬ እዚያ ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት አንኳኳለሁ። «ሌባዋ መጣች!» ትላለች። የምፈልገውን ይዤ ልወጣ ስል ወሬ እንጀምርና በቃ፣ እዚያው በሩ ላይ እንደቆምን ይረፍዳል።

ካዛንቺስ የፈረሰ ሰሞን ብዙ ሰው ዕቃውን ይሸጥ ነበር። ኦሎምፒያ ቢሮ የምትሠራው ልጄ ከሚለቁት ከአንዱ ቤት ፍሪጅ ገዝታ አመጣችልኝ። ቁመቱ ከኔ ይበልጣል፤ አልጋዬን ገፍተን ነው ቦታ ያገኘንለት። በወሩ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ተከተለ፣ ከዚያ ማይክሮዌቭ። ቤቴ ውስጥ በጎን ነው የምራመደው።

ፍሪጁ የገባ ዕለት፣ ጎረቤቴን ላሳርፋት ብዬ ዘንቢል ይዤ ሄድኩና የኔ የሆነውን ሁሉ አንድም ሳላስቀር አወጣሁ። መደርደሪያውንም ወለወልኩላት። እኛ ግቢ ዕቃውን እንዲህ ጠራርጎ የሚያወጣ የተጣላ ሰው ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ በደስታዬ መሀል ትዝ አላለኝም። እሷ «እንኳን ደስ አለሽ» አለችና በሩን ዘጋች።

አዲስ ዕቃ ለገባለት ጎረቤት ቤቱ ድረስ ሄዶ መመረቅ ልማዳችን ነው። ሁሉም መጥተው መረቁኝ፤ እሷ አልመጣችም። ማሽኑ እጄን አሳርፎታል፣ አልዋሽም። ግን ጠዋት ፍሪጄን ስከፍት ቅቤና ግማሽ ጥቅል ጎመን ናቸው የሚጠብቁኝ። ደስታው ሳምንት አልሞላውም።

አንድ ቀን ቧንቧው ጋ አገኘኋት።

«ምን አጠፋሁ?» አልኳት።

«ምን ታጠፊያለሽ? የራስሽን ነው የወሰድሽው።»

«አንቺን ላሳርፍ ብዬ እኮ ነው።»

«ደከመኝ ብዬሽ ነበር?»

ጀሪካኗን ከደነችና «ፍሪጄን ነቅዬዋለሁ» አለች። «ለአንድ ላስቲክ ወተት ምን ያንጫርረዋል!»

«ወተቱን እኔ ጋ አምጪዋ።»

«እኔ የሰው በር ማንኳኳት አልችልበትም እቴ።»

እውነቷን ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንኳኪዋ እኔ ነበርኩ፤ እሷ አንድ ቀን እንኳ እኔ ቤት መጥታ አታውቅም። የሚያገናኘን ያ የታችኛው መደርደሪያ ብቻ መሆኑን ያወቅሁት ባዶ ካደረግሁት በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ እስከ በሯ ሄጄ ተመለስኩ። የምወስደው ነገር ሳይኖረኝ ማንኳኳት እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። በሦስተኛው አንኳኳሁ። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች።

«ምን ረሳሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ልትወስጂ ነው?»

«ምንም አልኩሽ እኮ።»

እጄን አየች፤ ምንም አልያዝኩም። የሽንኩርቱን ትሪ ወደኔ ገፋ አደረገችው።

«ምን ይገትርሻል? ቢላዋ ከዚያ አንሺ» አለች።