ሮቢ ዳር የቀረው ጥሪ

በልጅነቴ ጎርፍ የሚመጣው በጠራ ሰማይ ነበር። ይህን ለደጋ ሰው ስነግረው የቀለድኩበት ይመስለዋል። እኛ ዘንድ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ የሮቢ ወንዝ አሸዋ የእግር መዳፍ እየፈጀ፣ ድንገት ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይወርዳል። ዝናቡ የዘነበው እኛ ጋ አይደለም፤ ላይ፣ ከደብረ ሲና በላይ፣ ጉም ከማይለየው ተራራ ነው። እዚያ የዘነበው እኛ ዘንድ ሲደርስ ግንድ እየገለበጠ፣ በግ እያንሳፈፈ፣ የማናውቀውን ሰው አጥር ነቅሎ ይዞ ነው።

አባቴ ከተማችንን የወለዳት መጠበቅ ነው ይል ነበር። እሱ ከትልልቆቹ እንደሰማው፣ ድልድዩ ሳይሠራ ከደሴ የሚመጣውም ወደ ደሴ የሚሄደውም ሹፌር ውሃው እስኪጎድል ወንዙ ዳር ያድር ነበር። ለሚያድረው ሰው ሻይ የሚሸጥ መጣ፤ ለሻይ ሻጩ እንጨት የሚያቀርብ መጣ፤ ከመንዝም ከወሎም ከአሊዩ አምባም እየወረደ ሰው ተሰበሰበ። ኋላ ጥጥ ተዘራና ጥጡን ከፍሬው የሚለይ መዳመጫ ወንዙ ዳር ተተከለ። እኔ ነፍስ ሳውቅ ዘመኑ የደርግ ነበር፤ መዳመጫው የመንግሥት፣ አባቴም የመዳመጫው መካኒክ።

ሰፈራችን የሞቀ ዘይትና የጥጥ ፍሬ ይሸት ነበር። የጥጡ ብናኝ ከመዳመጫው ቆርቆሮ ሥር እየወጣ በግራሩ እሾህ ላይ ይሰካል፣ የተሰጣ በርበሬ ላይ ያርፋል፣ ወጥ ውስጥ ይገባል። እኛ ልጆች ከእሾሁ እየለቀምን የጨርቅ ኳሳችንን እንሞላበታለን። ሠራተኞቹ ሲወጡ ቅንድባቸውና ጸጉራቸው ነጭ ነው። ሽማግሌ ሆነው ይወጡና ወንዝ ወርደው ታጥበው ወጣት ሆነው ይመለሳሉ። ከእነሱ መካከል ኑሩ የሚባለው የጎረቤታችን ልጅ ሳይታጠብ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። ወገቡን አጉብጦ፣ የእንጨት ፍላጭ ተመርኩዞ፣ "ልጆቼ፣ የጃንሆይ አያት ነኝ፤ እስቲ ማንጎ አቅምሱኝ" ሲለን በሳቅ እንሞታለን።

የኑሩ እናት እትዬ ዘሃራ ነበሩ። ባላቸው ከሞተ በኋላ መንገድ ዳር ቃሪያና ሽንኩርት እየሸጡ ሁለት ወንዶች አሳድገዋል፤ ታላቁ ሰይድ ነው፣ ታናሹ ኑሩ። ሁለቱም መዳመጫ ይሠሩ ነበር። እኔ ሰው ሲያናግረኝ ከበር ኋላ የምደበቅ ልጅ ነበርኩ። እትዬ ዘሃራ ግን "ተናገሪ" ብለውኝ አያውቁም። ሽንኩርቱን እየለዩ አጠገባቸው ያስቀምጡኛል፤ ከዚያ በቃ፣ ዝም ብለን እንውላለን።

ለጎርፉ ሕግ ነበረን። የትም አልተጻፈም፤ የሚጥሰውም አልነበረም። ላይኛው ሰፈር ያለ ሰው የወንዙን ጉምጉምታ እንደሰማ ፊቱን ወደ ታች አዙሮ "ውሃ መጣ! አቀብሉ!" ብሎ ይጣራል። የሰማ ሁሉ ሌላ ነገር ከማድረጉ በፊት ለታችኛው ያቀብላል። ጥሪው ውሃውን ቀድሞ ከግቢ ወደ ግቢ ይወርዳል። አሸዋ የሚያወጣው፣ ልብስ የምታጥበው፣ ከብት የሚያጠጣው ሁሉ ከወንዙ ይወጣል። ተኳርፎ ሰላምታ የማይለዋወጥ ሰው እንኳ ለተኳረፈው ያቀብላል። አንድ ጊዜ የሰፈራችን ልጅ ለጨዋታ ጮኸና ወንዙ ዳር የነበረው ሰው ባልዲውን እየጣለ ሮጠ። ልጁን አልገረፉትም። አባቱ እጁን ይዞ ከበር በር እያዞረ "ውሃ አልመጣም፤ ዋሽቼ ነው" አስባለው። መጨረሻው በር ላይ ሲደርሱ ድምፁ ተዘግቶ ነበርና በእጁ እያመለከተ ነው ይቅርታ የጠየቀው። "በውሃ አይዋሽም" ይሉን ነበር ትልልቆቹ። ይህን ከፊደል ቀድመን ነው የተማርነው።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት ወጣት ይፈልግ ጀመር። ብሔራዊ ውትድርና ተባለ። በወግ ተጠርተው የሄዱ ነበሩ፤ ቁጥሩ ሲጎድል ግን ቀበሌው በአፈሳ ይሞላል። ጠመንጃ የያዙት አብዮት ጠባቂዎች በመዳመጫው በር ሲመጡ ወጣቶቹ በጓሮ አጥር ዘለው ወንዙ ውስጥ ይገባሉ። ከአሸዋው መካከል ሰው ቢገባበት የማይታይ የሸንበቆ ጥሻ ነበር። ማዶው ገደል ስለሆነ መውጫው በእኛ በኩል ብቻ ነው። ጠባቂዎቹ ተከትለው ጥሻ አይገቡም፤ ከውስጥ የሚወረወረውን ድንጋይ ይፈሩታል። ዳር ቆመው ይጠብቁና ሲሰለቻቸው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ግን አልሰለቻቸውም። ደምሴ የሚባል አብዮት ጠባቂ ነበር፤ እዚያው ወንዝ ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ልጆቹንም የሚያውቃቸው በስማቸው ነው። ወደ ላይኛው በኩል ትንሽ ሄደና እጁን አፉ ላይ አድርጎ "ውሃ መጣ! አቀብሉ!" ብሎ ጮኸ። እኛ ሰፈር ያለው ሰው እንደ ልማዱ ተቀበለው፤ አባቴም ከመዳመጫው ጓሮ ሆኖ አቀበለ። ጥሻው ተንቀሳቀሰና ወጣቶቹ እየተጋፉ ወደ እኛ ዳር ወጡ። ወንዙ ደረቅ ነበር። አንድ በአንድ ተይዘው መኪና ላይ ተጫኑ። ከእነሱ ጋር ሰይድ ነበረ። ኑሩ የዚያን ቀን ወባ ጥሎት ቤት ተኝቶ ስለነበር ተረፈ።

"ታዲያስ?" አለ ደምሴ ለተሰበሰበው ሰው እየሳቀ፤ "ዓሣ በመረብ፣ ጎረምሳ በውሃ ነው የሚያዘው።"

የሳቀለት የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከዘራቸውን አሸዋው ላይ ተከሉና "ደምሴ፣ የዋሸኸው በእኛ አይደለም፤ በሱ ነው" ብለው ወንዙን አሳዩት።

አባቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ከሰይድም ወሬ አልመጣም፤ ከርሞም አልመጣም። ኑሩ መዳመጫ መሥራቱን ቀጠለ፤ ወገቡን አጉብጦ ሊያስቀን መምጣቱን ግን ተወ። በአጥሩ በኩል ለእናቱ ሲምል ሰምቼዋለሁ፦ "ወላሂ እማ፣ ከእንግዲህ ሰማይ ቢደፋ በዚያ ጥሪ አልወጣም። ሁላችንም ተማምለናል።"

ሁለተኛው አፈሳ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። በሐምሌ ወንዝ ውስጥ መደበቅ እብደት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሌላ መደበቂያ ግን አልነበረም። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ከእትዬ ዘሃራ ጋር ዳር ላይ ልብስ እያሰጣን ነበር። ወጣቶቹ ከአጥሩ ዘለው በፊታችን ሮጡ። ኑሩ ሲያልፍ እናቱን አላያቸውም፤ እኔን ግን አየኝና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ለእኔ ይህን ማለት አያስፈልግም ነበር። ወዲያው ደምሴና ጓደኞቹ ደርሰው ዳሩን ያዙ።

ፀሐይ ነበር። ከተራራው በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። ብዙም ሳይቆይ ከላይ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ፦ "ውሃ መጣ! አቀብሉ!" ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ ከዚያ ሌላ፣ እየቀረበ። አባቴ ከመዳመጫው ወጥቶ ተቀብሎ ጮኸ። ጥሻው አልተነቃነቀም። አንዱ ከውስጥ ሆኖ፣ "ደምሴ! ዛሬ ደግሞ በሴት ድምፅ መጣህ?" አለ፤ የሌሎቹም ሳቅ ተሰማ።

የደምሴ ፊት አመድ መሰለ። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ እስከ አሸዋው ጫፍ ወረደ። "የእውነት ነው! ስለ ማርያም፣ የእውነት ነው፤ ውጡ!" እያለ ጮኸ። እሱ በጮኸ ቁጥር እነሱ ይበልጥ ይስቃሉ። "ማርያምን ተዋት፣ መኪናህን ይዘህ ሂድ!" ይሉታል። አባቴ በስማቸው እየጠራ ለመናቸው። እሱንም አላመኑትም፤ ደምሴ በዋሸ ቀንም አቀብሏልና።

ሽታው ቀድሞ መጣ፤ የእርጥብ አፈርና የተነቀለ ሣር ሽታ። ከዚያ ቀዝቃዛ ነፋስ። እትዬ ዘሃራ በእጃቸው የነበረውን የኑሩን ሸሚዝ ጨምቀው፣ አራግፈው ገመዱ ላይ ሰቀሉት። ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ ቁልቁል ወርደው አሸዋውን አቋርጠው ከጥሻው ፊት ለፊት፣ ውሃው በሚመጣበት መንገድ ላይ፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። አልጮኹም። ገበያ ላይ ደንበኛ እንደሚያናግሩ ዓይነት ነው የተናገሩት።

"ኑሩ፣ እኔ እዚህ ነኝ።"

ሸንበቆው ተከፈለና ኑሩ ወጣ። "እማ ምን ሆነሻል? ተነሺ! ይይዙኛል እኮ!" ይላል። "አልነሳም" አሉት። ይህኔ ወደ ላይ ቀና ብሎ አየ። የጭነት መኪናዎች ቁልቁለት ሲወርዱ የሚያሰሙት ዓይነት ድምፅ ነበር። እናቱን አፈፍ አድርጎ ጀርባው ላይ አዘላቸውና "ውጡ! እውነት ነው!" ብሎ ወደ ጥሻው ጮኸ። እሱን አመኑት። ሁሉም ተንጋግተው ሲወጡ ቡናማው ውሃ ጥሻውን እንደ ማጭድ አጨደው። ኑሩ ዳሩ ላይ ሊደርስ ሲል ውሃው ጉልበቱን አለፈ። ደምሴ በሆዱ ተኝቶ እጁን ዘረጋለትና ጎትቶ አወጣቸው። ጎትቶ ያወጣውን የኑሩን እጅ ግን አልለቀቀም።

"ደምሴ" አሉ እትዬ ዘሃራ፣ ልብሳቸው እየተንጠባጠበ፤ "ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልቀቅልኝ።"

ደምሴ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። "እትዬ ዘሃራ፣ እኔም የታዘዝኩ ሰው ነኝ" አለ።

ወጣቶቹን መኪና ላይ ሲጭኗቸው አባቴ ኮቱን አውልቆ ወደ ኑሩ ወረወረ። ኑሩ አልለበሰውም፤ መልሶ ለእኔ ጣለልኝና "አልብሻት" አለኝ። ለእናቱ ደግሞ "ልብስሽን ቀይሪ እማ፤ ወባሽ ይነሳብሻል" አላቸው። ሌላ ነገር ለመናገር ጊዜ አልሰጡትም።

ከዚያ ቀን በኋላ መዳመጫው ሥራውን ቀጠለ፤ ከበሩ ነጭ ሆነው የሚወጡት ግን ሴቶችና እውነተኞቹ ሽማግሌዎች ሆኑ። ያችን ጥሪ ሰው ፈራት። ከላይ የሚጮኸው እየቀነሰ፣ የሰማውም "እውነት ይሆን?" ብሎ እየቆመ፣ ቀስ በቀስ ጠፋች። መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ጦር ከሰሜን በእግሩ ወርዶ በከተማችን ሲያልፍ እትዬ ዘሃራ መንገድ ዳር በጀሪካን ውሃ ይዘው ወጡ። ለእያንዳንዱ ያጠጣሉ፤ እያጠጡ ፊቱን ያያሉ። ሰይድም ኑሩም በዚያ መንገድ አላለፉም። መርዶም አልመጣ፤ ድንኳንም አልተጣለ።

አሁን መዳመጫው ቆሟል። የግራሩ እሾህ ባዶውን ነው፤ የዛሬ ልጆች ኳስ የሚገዙት ከሱቅ ነው። ውሃ ግን ይመጣል። ሲመጣ ሁሉም የራሱን ብቻ ይጠራል፤ እናት የልጇን ስም፣ ባለ ከብቱ የበሬውን። ስሙን የሚጠራለት ያጣ ይቅርበት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የተመለስኩበት ክረምት ይህንኑ ጫጫታ ሰምቼ ብወጣ፣ እትዬ ዘሃራ ዳሩ ላይ ማንንም ሳይጠሩ ቆመው አገኘኋቸው። እንደ ድሯችን አጠገባቸው ቆምኩ።

"አንቺ ተምረሻል" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሱ። "ውሃ ሬሳ ይመልሳል። ያኔ ባልወርድ ኖሮ ቢያንስ ቀብር ይኖረኝ ነበር፤ ጁምዓ ጁምዓ ሄጄ የምቀመጥበት። ደግ አደረግኩ?"

ዝም ማለት ያን ጊዜ ብቻ ከበደኝና፣ "ተሸክሞ ሲያወጣዎት ምን ተሰማዎት?" አልኳቸው።

ጥያቄውን ማንም ጠይቋቸው የማያውቅ መሰሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ።

"ልቡ" አሉኝ። "በጀርባው በኩል እዚህ ድረስ ይመታኝ ነበር። ከወለድኩት ወዲህ እንደዚያ ቀርቤው አላውቅም።"