አሁን ምን እየሠራሽ ነው?

ሰቆጣ የተመደብኩት ሕግ ተምሬ በተመረቅኩ በዓመቱ ነው። አገሬ ጎጃም ነው፤ ዋግን የማውቀው በስም ብቻ ነበር። የምደባው ደብዳቤ ሲነበብ እናቴ «ልጄ ዞን ገባች» ብላ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች። ዓይነ ስውር ልጅ ወልዳ «ምን ትሆንብሽ ይሆን?» እየተባለች የኖረች ሴት ናትና ያን ደስታዋን ማንም ሊነጥቃት አይችልም ነበር። እኔም ብሆን።

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ በመጀመሪያው ቀን ክንዴን ይዘው ራሳቸው ወንበሬ ድረስ ወሰዱኝ። ለስላሳ ወንበር ነው፤ በመስኮቱ ፀሐይ ይገባል።

«እዚህ ብርድ የለም፤ ዘና ብለሽ ተቀመጪ» አሉኝ።

«ሥራዬስ ምንድን ነው?»

«እሱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ አገሩን ልመጂ።»

አገሩን ለመልመድ ግን ከወንበሩ መነሳት ነበረብኝ። በትሬን ይዤ ብድግ ባልኩ ቁጥር ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «ወዴት ነሽ እህቴ?» ብላ ወረቀቷን ጥላ ትመጣለች። ትንሽ ልራመድ ነው ስላት ደረጃው ፈርሷል፣ ግቢው ድንጋይ ነው፣ መኪና ይገባል ትለኛለች። ደግ ሴት ናት። የዚያው አገር ልጅ ስለሆነች ባለጉዳዮችን በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ታጫውታቸዋለች፤ እኔን ግን መልሳ ታስቀምጠኛለች። ክረምቱ እንዲህ አለፈ። መስከረም ጠባ፣ ሜዳው ሁሉ አጨዳ ገባ ተባለ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ። ደመወዜ ሳይጓደል ይገባል። ፋይል ሲመጣ በጠረጴዛዬ አጠገብ ያልፋል፤ የወረቀቱን ኮሽታ እሰማለሁ። ዝውውር ብጠይቅ «የግዴታ ጊዜሽን ሳትጨርሺ አይሆንም» ተባልኩ።

ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የተማረች፣ እንደኔው ዓይነ ስውር የሆነች ጓደኛ አለችኝ፤ ባሕር ዳር ትሠራለች። አንድ ቅዳሜ ስንደዋወል «ቀኑ አልበቃ አለኝ፤ የቱን ይዤ የቱን እንደምተው ጨነቀኝ» አለችኝ። «እኔም እንደዚያው» አልኳት። ምን ልበላት? አዘነችልኝና ጊዜን ለማብቃቃት የሚረዳ አንድ ፕሮግራም በቴሌግራም ላከችልኝ።

ከዚያ በፊት ተመሳሳይ ነገር ሞክሬ ነበር። የሚያይ ሰው ቀኑን በቀለም ሳጥኖች ከፋፍሎ የሚደረድርበት ነው አሉ። ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልኝ ስክሪን ሪደር ግን በእንግሊዝኛ «በተን፣ በተን፣ በተን»፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ ከማለት በቀር አንዳች አላገኘበትም። ይሄኛው ለእኛ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ማውስ አይፈልግም። በየግማሽ ሰዓቱ ምን እየሠራሽ እንደሆነ ይጠይቅሻል፤ ጽፈሽ ኢንተር ትያለሽ። በሳምንቱ መጨረሻ ጊዜሽ የት የት እንደሄደ ያነብልሻል።

ሰኞ ጠዋት ላፕቶፔን ከፍቼ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ በዚያ ደረቅ እንግሊዝኛው ጠየቀኝ፤ አሁን ምን እየሠራሽ ነው? «ደንብ እያነበብኩ» ብዬ ጻፍኩ። እውነትም ያወረድኩት አንድ ደንብ ነበረኝ። እንደገና ሲጠይቀኝም «ደንብ» አልኩት። ከሰዓት በኋላ ምንም ሳልጽፍ ኢንተር ስል ባዶ ነው ብሎ መለሰብኝ። ማክሰኞ «መቀመጥ» ብዬ ጻፍኩ። ረቡዕም «መቀመጥ»። ላጠፋው እችል ነበር። ነገር ግን በዚያ ቢሮ ምን እየሠራሁ እንደሆነ የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ስለነበር ተውኩት።

ሐሙስ ዕለት ኃላፊው እኛ ክፍል ገብተው ወደ አምደወርቅ ስለሚደረግ ጉዞ ይናገሩ ጀመር። በመሬት ጉዳይ አቤቱታ ያላቸው ሰዎች ቃላቸውን የሚሰጡበት ጉዞ ነው።

«እኔም ልሂድ?» አልኩ።

«አንቺማ አይሆንልሽም። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ እዚያም ከደረስን በእግር የሚኬድ አለ።»

«እግር አለኝ እኮ።»

ሁሉም ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም ጥሩ ቀልድ መስሏቸዋል። እኔ ግን ማዳመጫውን ከጆሮዬ በንዴት ሳወልቅ ገመዱ ከላፕቶፑ ተነቀለ። ይሄኔ ግማሽ ሰዓቱ ሞልቶ ኖሮ ያ የላፕቶፑ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ምንድን ነው ያለው?» አሉ ኃላፊው። ከለመድኩት ከእኔ በቀር ፍጥነቱን ማንም አይከተለውም።

«አሁን ምን እየሠራሽ ነው እያለኝ ነው።»

«ታዲያ ምን ትመልሺለታለሽ?»

በአፌ ከመናገር መጻፍ ቀለለኝ። ስጽፍ ስክሪን ሪደሩ ፊደሉን አንድ በአንድ ጠራው። መ። ቀ። መ። ጥ። ማንም አልሳቀም።

ኃላፊው ቅር አላቸው። «ምን አጎደልንብሽ? እንዳትንገላቺ ብለን አይደል እንዴ?»

«አውቃለሁ ጋሼ። ግን ስነሳ ትይዙኛላችሁ፣ ስቀመጥ ትረሱኛላችሁ። መሥሪያ ቤት የገባሁ ሳይሆን የታሰርኩ ነው የሚመስለኝ።» ከፊት ለፊቴ አፍንጫዋን ስትጠርግ የሰማኋት የመዝገብ ቤቷን ሴት ነው።

አልወሰዱኝም። መኪናው ከግቢ ሲወጣ እዚያው ነበርኩ። ከአምደወርቅ ሲመለሱ ግን ኃላፊው ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «የሰዉን ቃል ቀድተናል፤ በጽሑፍ አውጪልን። ከቻልሽ» አሉ። «ከቻልሽ» የምትለዋ ወጋችኝ። ቢሆንም ድምፁን ወደ ላፕቶፔ አስገልብጬ ሥራ ጀመርኩ።

ነፋስ ይነፍሳል፣ ፍየል ይጮኻል፤ አንድ ሽማግሌ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኽምጣና ስለ ድንበራቸው ይናገራሉ። ያልገባኝን ስጠይቅ የመዝገብ ቤቷ ሴት ወንበሯን ይዛ መጣች። በአንዲት ቃል ላይ ብዙ ተከራከርን፤ እሷ «ጅረት ነው» ትላለች፣ እኔ ደግሞ ሽማግሌው ቀጥለው የሚሉት ከጅረት ጋር አይሄድም እላለሁ። መልሰን መላልሰን ስንሰማ ዋልን። በመጨረሻ ጅረት ነበር።

ያንን ሰሞን ለጓደኛዬ እውነቱን ነገርኳት። «እኔንም የመጀመሪያውን ዓመት በር አጠገብ ነበር ያስቀመጡኝ» አለችኝ። «ለማንም አልተናገርኩም።»

ቃል መጻፉ አሁን የእኔ ሥራ ሆኗል፤ ሲኖር ማለቴ ነው። ሳይኖር የምውልበት ሳምንት አለ። ዝውውሩ አልመጣም። አምደወርቅንም ሆነ እዚሁ ዋግ ያለውን ዝቋላን የማውቃቸው ተቀድቶ በመጣልኝ ድምፅ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ጉዞ መኖሩን ስሰማ እንደገና ጠየቅኩ። ኃላፊው «አይሆንልሽም» አላሉኝም፤ «እናያለን» አሉ።